ማዕከል የሌለውን መረብ ማን ይለካዋል?



ታኅሣሥ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. ስካይፕ ወደቀ። በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር 22 ቀን 2010 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው። ለፈረንጆች ገና ሦስት ቀን ሲቀረው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ፕሮግራሙን ቢከፍቱ አልገባም አላቸው። በዚያ ዘመን ውጭ አገር ወንድም ወይም እህት የነበራችሁ ስካይፕ ምን ማለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከዋሽንግተንም ከስቶክሆልምም ሆኖ የእናትን ፊት እያዩ ማውራት ለብዙ ቤተሰብ የተቻለው በእሱ ነበር። አገልግሎቱ እስኪመለስ አንድ ቀን ገደማ ፈጀ። ከሳምንት በኋላ ኩባንያው የአወዳደቁን ዝርዝር ይፋ አደረገ። ለዛሬው ዝግጅታችን ከዚያ ዝርዝር የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በዚያን ጊዜ የስካይፕ አሠራር ዛሬ ከምንጠቀምበት ቴሌግራም የተለየ ነበር። በቴሌግራም የምትጽፉት መልእክት መጀመሪያ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ያርፋል፤ ወደ ወዳጃችሁ የሚሄደው ከዚያ ነው። ስካይፕ ግን የተሠራው አቻ ለአቻ በሚባለው ዘዴ ነው። የተጠቃሚዎች ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው በቀጥታ ይገናኛሉ። ማን መስመር ላይ እንዳለ፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ መዝግበው የሚይዙት ደግሞ ሱፐርኖድ የሚባሉ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሱፐርኖድ ስላልኩ በኩባንያው ግቢ የተቀመጠ ልዩ ማሽን እንዳይመስላችሁ። ጥሩ የኢንተርኔት መስመር ያለው የማንም ሰው ኮምፒውተር፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ ይህን ሥራ ሲሠራ ሊውል ይችል ነበር።

የዚያን ቀን የችግሩ መነሻ ትንሽ ነበረች። መስመር ላይ ላልነበሩ ሰዎች የተላከ መልእክት የሚያስተናግዱ ጥቂት ሰርቨሮች ሥራ በዛባቸውና መልስ ማዘግየት ጀመሩ። 5.0.0.152 የሚል ቁጥር የያዘው የዊንዶውስ ስካይፕ የዘገየ መልስ ሲደርሰው እንዴት እንደሚይዘው አያውቅም ነበርና ተበላሽቶ ይዘጋ ጀመር። ይህን ስሪት የሚጠቀመው ደግሞ ከመላው ተጠቃሚ ግማሽ ያህሉ ነው። በተዘጉት መካከል ሱፐርኖድ ሆነው የሚያገለግሉ ነበሩ። ከጠቅላላው ሱፐርኖድ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በአንድ ጊዜ ከመረቡ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ ብላችሁ ስሙ። የተዘጋበት ሰው ሁሉ ፕሮግራሙን እንደገና ይከፍታል። የሚከፍተው ሁሉ ደግሞ የሚያስገባው ሱፐርኖድ ፍለጋ ይወጣል። በቀሩት ሱፐርኖዶች ላይ ያረፈው ጫና ከወትሮው እስከ 100 እጥፍ ደረሰ። ሱፐርኖዶቹ የሰውን ኮምፒውተር እንዳያጨናንቁ ተብለው፣ ከአቅም በላይ ሲሆንባቸው ራሳቸውን ከሥራ እንዲያገልሉ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። እነሱም ራሳቸውን አገለሉ። የእነሱ ጫና ወደሚቀጥሉት ሄደ፤ የሚቀጥሉትም ተከተሏቸው። በመጨረሻ መሐንዲሶቹ በመቶዎች፣ ኋላም በሺዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ሱፐርኖዶችን ራሳቸው አስነስተው መረቡን መልሰው አቆሙት።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከአንድ ቀን በፊት አንድ ሰው ይህን መረብ እየተከታተለ ቢሆን ኖሮ ምን ማየት ነበረበት? የተጠቃሚው ብዛት ደህና ነው። የጥሪው ጥራትም ደህና ነው። የሱፐርኖዱ ቁጥርም በቂ ነው። በእኔ እምነት መታየት የነበረበት ቁጥር፣ ከሱፐርኖዶቹ ውስጥ ስንቱ በአንድ የሶፍትዌር ስሪት ላይ እንደቆመ የሚናገረው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ፣ በየአገሩ የተበተኑ ኮምፒውተሮች በቦታ ቢራራቁም፣ አንድ ዓይነት ጉድለት ያለበትን ፕሮግራም ከተሸከሙ አወዳደቃቸው እኩል ነው። የመረቡን ጤንነት በአባላቱ ብዛት ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያይም።

ስካይፕ ቢያንስ ከበላዩ ኩባንያ ነበረው። ኩባንያም፣ ቢሮም፣ ዋና ሰርቨርም የሌለው መረብ ሲሆንስ?

ወደ 1999 ልመልሳችሁ። ናፕስተር የሚባል የሙዚቃ መለዋወጫ ተነሣ። ሙዚቃው የሚተላለፈው ከሰው ኮምፒውተር ወደ ሰው ኮምፒውተር ነው፤ የማን ዘፈን የት እንዳለ የሚናገረው ማውጫ ግን በኩባንያው እጅ ነበር። ስለዚህ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ ቀላል ነበር፤ ማውጫውን ማየት ብቻ ነው። መዝጋትም ቀላል ሆነ፤ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክርክር ተሸንፎ በ2001 ተዘጋ። ግኑቴላ በ2000 ሲመጣ ያን ማውጫ ጨርሶ አስቀረው። አንድ ኮምፒውተር የሚያውቀው ጎረቤቶቹን ብቻ ነው። የሚፈልገውን ለጎረቤቶቹ ይናገራል፤ እነሱም ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ። መረቡን በሙሉ የሚያይ ማንም የለም። እዚህ ላይ ነው መለካት ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው።

ዘዴው በአጭሩ እንዲህ ነው። ቆጣሪ ፕሮግራም ትሠራላችሁ። ፕሮግራሙ አንድ አባል ዘንድ ይሄድና «የምታውቃቸውን ንገረኝ» ይላል። የተነገሩት ዘንድ ይሄድና ያንኑ ይጠይቃል። አዲስ ስም እስኪያልቅበት ድረስ ይቀጥላል። ሲጨርስ የመረቡ ካርታ እጁ ላይ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም ችግር ያለበት አይመስልም።

እንዲህ ያለውን መረብ በመለካት ከተገኙት የመጀመሪያ ውጤቶች አንዱ ብዙዎችን አስደንግጧል። ኤይታን አዳርና በርናርዶ ሁበርማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2000 ግኑቴላን ሲመረምሩ 70 በመቶ የሚጠጋው ተጠቃሚ ለሌላው ምንም ፋይል እንደማያካፍል አገኙ። ለጥያቄዎች ከሚመጣው መልስ ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው በብዛት ከሚያካፍሉት 1 በመቶዎቹ ነው። ሁሉም እኩል አቻ ነው በተባለበት መረብ ጥቂቶች ይሸከማሉ፣ ብዙዎች ይጠቀማሉ ማለት ነው። ቢትቶረንት የተባለው የፋይል መለዋወጫ በ2001 ሲወጣ የሰጠኝን እሰጣለሁ የሚል ደንብ በውስጡ ይዞ መምጣቱ ከዚህ ችግር ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስቴፋን ሳሮዩና ባልደረቦቹ በ2002 ያወጡት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ። ተጠቃሚዎች ስለ መስመራቸው ፍጥነት የሚናገሩት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ፈጣን መስመር እያላቸው ቀርፋፋ ነው ብለው የሚያስመዘግቡ ነበሩ፤ ፈጣን ነው ካሉ ሌሎች ከእነሱ ለመቅዳት ይጎርፋሉና። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የተነገራቸውን ትተው ፍጥነቱን ራሳቸው ለኩ። ይህ ዛሬም የሚሠራ ጥንቃቄ ነው፤ አባሉ ስለ ራሱ የሚናገረውና ከውጭ የሚለካው ተለያይተው መመዝገብ አለባቸው።

ያው ጥናት አንድ አባል ገብቶ እስኪወጣ ድረስ የሚቆይበትን ጊዜም መረመረ። መካከለኛው ቆይታ 60 ደቂቃ ገደማ ነው። ከሁሉ አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ለቅሶ ቤት በሆነ ሰዓት ገብታችሁ የተቀመጡትን ሰዎች «ከመጣችሁ ምን ያህል ጊዜ ሆናችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በብዛት የምታገኙት ከጧት ጀምሮ የተቀመጡትን ነው። እግዜር ያጽናችሁ ብሎ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ የወጣውን ጎረቤት አታገኙትም። በዚያ ቀን የመጣውን ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ የቆጠረ ግን አብዛኛው ቆይታው አጭር እንደነበር ይነግራችኋል። መረቡም እንደዚሁ ነው። በአንድ ቅጽበት የተነሣ ካርታ ረጅም የሚቆዩትን አብዝቶ፣ ብቅ ብለው የሚጠፉትን አሳንሶ ያሳያል። ሁለቱም አቆጣጠር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዳንኤል ስቱትስባክና ሬዛ ሬጃዬ በ2006 ባወጡት ጥናት ይህንና ሌሎች መሰል ወጥመዶችን አንድ በአንድ ፈትሸዋል። አንዱ የቆጣሪው ፍጥነት ነው። ቆጣሪያችሁ መረቡን ለማዳረስ ሰዓታት ከፈጀበት፣ በመጀመሪያው ሰዓት የቆጠራቸው ሰዎች በመጨረሻው ሰዓት ሄደዋል፤ በመካከል የገቡት ደግሞ ተጨምረዋል። እጃችሁ ላይ የሚቀረው በየትኛውም ቅጽበት ያልነበረ መረብ ነው። ስለዚህ ግኑቴላን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያዳርስ ፈጣን ቆጣሪ ሠሩ። ፍጥነቱን ያሻሻሉት ለድንቅነቱ አልነበረም፤ ያለ እሱ ካርታው ሐሰት ስለሚሆን ነው።

መልካሙ ዜና፣ ስለ ቆይታ የተገኘው እውቀት መረቦቹን ራሳቸውን አሻሽሏል። ፔታር ማይሙንኮቭና ዴቪድ ማዚዬር በ2002 ካዴምሊያ የሚባለውን አሠራር ሲነድፉ የእነ ሳሮዩን መረጃ ተመለከቱ። ረጅም ጊዜ የቆየ አባል ለሚቀጥለውም ሰዓት የመቆየት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን አዩ። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚያውቃቸውን ሲመዘግብ ለአሮጌ ወዳጆቹ ቅድሚያ እንዲሰጥ አደረጉ። ቢትቶረንት ያለ ማዕከላዊ ማውጫ የሚሠራበት ክፍል የቆመው በዚህ ንድፍ ላይ ነው። አንድ ልኬት ወደ ንድፍ ሲለወጥ ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ቆጣሪዎቹ ራሳቸው ችግር የሆኑበትን ታሪክ ስሙ። በ2007 መጀመሪያ ስቶርም የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በኢሜይል እየተላለፈ የብዙ ሰዎችን ኮምፒውተር ያዘ። የተያዙት ኮምፒውተሮች ትእዛዝ የሚቀባበሉት በካዴምሊያ ንድፍ በተሠራ አቻ ለአቻ መረብ ነበር። በየዜናው የተነገረው ብዛት እጅግ ይለያያል፤ እስከ 50 ሚሊዮን ያሉ ነበሩ። በመረቡ ውስጥ ገብተው የቆጠሩ ተመራማሪዎች ግን በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ በአንድ ጊዜ መስመር ላይ የሚገኙት ከ5,000 እስከ 40,000 ብቻ መሆናቸውን አገኙ።

በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ የነበረ ሌላ ቡድን ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ሲያየው፣ በመረቡ ውስጥ ከሚታዩት አባላት ብዙዎቹ የስቶርም ሰለባዎች እንዳልሆኑ ደረሰበት። የለየበትም ዘዴ ብልህ ነው። ስቶርም ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚያወጣበት ክፍል ጉድለት ስለነበረበት ከ32,768 የተለያዩ መለያዎች በላይ ማውጣት አይችልም። ከእነዚያ ውጭ መለያ ይዞ የተገኘ ሁሉ ስቶርም አይደለም። ታዲያ ማን ነው? ከመካከላቸው የሌላ ቡድን ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ስቶርምን ለማደናቀፍ ሆን ብለው የገቡም ነበሩ። ቆጣሪ ቆጣሪን ይቆጥር ነበር ማለት ነው።

ይህ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት የማይክሮሶፍቱ ጆን ዱሰር በ2002 አስቀድሞ ጽፎታል። መለያ የሚሰጥ አንድ የታመነ አካል ከሌለ፣ አንድ ሰው ብዙ አባል መስሎ ከመቅረብ የሚያግደው ነገር የለም። ስለዚህ «ይህ መረብ ይህን ያህል ሚሊዮን አባላት አሉት» ሲባል የተቆጠረው መለያ ነው፤ ሰውም ኮምፒውተርም ላይሆን ይችላል።

አብዝቶ መቁጠር እንዳለ ሁሉ አሳንሶ መቁጠርም አለ። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሊያንግ ዋንግና ዩሲ ካንጋሻርዩ በ2013 ያሳተሙት ሥራ በዚህ ላይ በጣም ይማርካል። የቢትቶረንትን ማዕከል አልባ ማውጫ ሲለኩ፣ ከእነሱ በፊት የነበሩት ቆጣሪዎች የሚያመልጧቸው አባላት እንዳሉ አስተዋሉ። ግን ያልታየውን እንዴት ትቆጥሩታላችሁ? ቁጥራቸውን የሚያውቋቸው የራሳቸውን ኮምፒውተሮች በመረቡ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ቆጣሪያቸውን ለቀቁና ከራሳቸው ኮምፒውተሮች ስንቱን መልሶ እንዳገኘ አዩ። ካስገቧቸው ከአሥሩ ስምንቱን ብቻ ካገኘ፣ ከሌሎቹም ሁለት አሥረኛ ያህሉ አምልጦታል ብሎ መገመት ተገቢ ነው። በዚህ እርማት የደረሱበት ቁጥር በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 27 ሚሊዮን ተጠቃሚ ነው፤ ግምቱን ለማውጣት የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ 5 ሰከንድ ገደማ። የራስን ቆጣሪ ስህተት መጀመሪያ ለክቶ ከዚያ በኋላ ዓለምን መቁጠር! ይህን ልማድ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ።

ከቆጣሪ የሚያመልጠው ማን እንደሆነ ማወቅ እኛንም ይመለከተናል። የቆየው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት የሚይዘው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ነው። ስለዚህ የሞባይል ኔትወርኮች በብዛት አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። በዚህ ሁኔታ ስልካችሁ ወደ ውጭ ግንኙነት መክፈት ይችላል፤ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ግን አያገኘውም። ቆጣሪ ፕሮግራም ሲያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። የቢትኮይን ኖዶች፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘቡን መረብ የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች፣ ቁጥር ተብሎ በየገጹ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ሲጠሩ የሚመልሱት ብቻ ናቸው። ኢንተርኔትን በዋናነት በስልክ በሚጠቀም አገር ያለ ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ካርታ ላይ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ካርታ ተነሥቶ «በዚህ አገር ተጠቃሚ የለም» ማለት ትልቅ በደል ነው። የተገኘውና ሊገኝ ያልቻለው ለየብቻ እንዲጻፍ መጠየቅ አለብን።

በሌላ በኩል ቆጣሪው የሚያገኛቸው ሰዎች አድራሻቸው ይመዘገባል። ለምርምር ተብሎ የተሰበሰበ አድራሻ ማን ምን እንደሚያወርድ ሊያጋልጥ ይችላል። ጨዋ ለኪ የሚያስፈልገውን ቁጥር ካወጣ በኋላ አድራሻውን አያስቀምጥም።

ከብዛት ወደ ፍጥነት እንለፍ። በቢትኮይን መረብ አዲስ ብሎክ፣ ማለትም የግብይቶች ጥቅል፣ ሲገኝ ከአንዱ ኖድ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሁሉንም ማዳረስ አለበት። በዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ክርስቲያን ዴከርና ሮጀር ዋተንሆፈር በ2013 ይህን ለኩ። አንድ ኮምፒውተር ከብዙ ሺህ ኖዶች ጋር አገናኝተው፣ እያንዳንዱ «ብሎኩ ደርሶኛል» ያለበትን ቅጽበት መዘገቡ። ግማሾቹ ኖዶች በ6.5 ሰከንድ ውስጥ አግኝተውታል። አማካዩ ግን 12.6 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል የተራራቁት የዘገዩት በጣም ስለዘገዩ ነው፤ ከ40 ሰከንድ በኋላም ያልደረሳቸው 5 በመቶ ነበሩ። አማካዩን ብቻ የሰማ ሰው የፈጣኖቹንም የዘገምተኞቹንም ሁኔታ አያውቅም። መዘግየቱ ዋጋ አለው። ብሎኩ ያልደረሰው ወገን በቆየው ላይ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሁለት ተፎካካሪ ብሎኮች በአንድ ጊዜ ይወለዱና የአንዱ ድካም ከንቱ ይቀራል።

ጥናቱ ምክንያቱንም ጠቁሟል፤ ብሎኩ በገዘፈ መጠን መድረሻው ይዘገያል። በ2016 የመጣው ማሻሻያ የነካው ይህንኑ ነው። ተቀባዩ ቀድሞ በእጁ ያሉትን ግብይቶች በሙሉ እንደገና ከመላክ፣ አጭር መለያቸውን ብቻ መላክ ተጀመረ።

ከመሰናበታችን በፊት በራሳችሁ ኮምፒውተር ልትሞክሩት የምትችሉትን ልንገራችሁ። በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ 30 ተማሪዎች ኡቡንቱ የተባለውን ስርዓተ ክወና ማውረድ አለባቸው እንበል። ኡቡንቱ በቢትቶረንት፣ በአጭሩ በቶረንትም፣ በይፋ ይሰጣል። ሁሉም ለየብቻ ከውጭ ቢያወርዱት የኮሌጁ መስመር ይጨናነቃል። የቶረንት ፕሮግራሞች ግን በአንድ ግቢ ኔትወርክ ውስጥ ያሉ አቻዎችን ፈልጎ የማግኘት ችሎታ አላቸው፤ በማስተካከያው ውስጥ መከፈቱን አረጋግጡ። ከዚያ የአቻዎቹን ዝርዝር ክፈቱ። አድራሻቸው በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ያሉ ጓደኞቻችሁ ናቸው። ከእነሱ የመጣውን መጠንና ከውጭ የመጣውን አነጻጽሩ። ከግቢ የመጣው ዜሮ ከሆነ፣ አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት የዋይፋይ ማሰራጫው ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ መስተካከሉ ነው፤ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረውን ባለሙያ ስለዚህ ጠይቁት።

በዚያው መስኮት ላይ በመረቡ ውስጥ ስንት ሙሉ ቅጂ እንዳለ የሚያሳይ ቁጥርም አለ። ቁጥሩ ከ1 በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ 0.97 ላይ ከቆመ፣ የፋይሉ አንዳንድ ቁራጮች አሁን በምታገኟቸው አቻዎች ዘንድ የሉም ማለት ነው። መስመራችሁ ምንም ያህል ቢፈጥን ማውረዱ 97 በመቶ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚጠበቀው ቁራጮቹን የያዘ አንድ ሰው መስመር ላይ እስኪመጣ ነው። እናንተ ሙሉውን ካገኛችሁ በኋላ ፕሮግራሙን ክፍት አድርጋችሁ ብታሳድሩት፣ ሌላ ቦታ 0.97 ላይ የቆመ አንድ ሰው ጧት ሙሉውን አግኝቶ ሊነሣ ይችላል።